እጃቸው ላይ የተቀመጡት ሰዎች

ያሰሩኝ በማጨብጨብ ነው። ሊያስቅ ይችላል፤ እኔንም አንዳንዴ ያስቀኛል። በዚያን ዘመን ሰው በወረቀት ይታሰራል፣ በወንድሙ ይታሰራል፣ በጸሎቱም ይታሰራል። እኔ ግን በሁለት እጄ አጨብጭቤ፣ ያውም ለተሸነፈ የኳስ ቡድን አጨብጭቤ ነው የአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጥቼ የታሰርኩት።

ቤቴ ታች ሲቀላ ነበር። በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። እሁድ ከኳስ ሜዳ ስወጣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ገቡብኝና «ለአንድ ጥያቄ ብቻ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ይህቺን «አንድ ጥያቄ» የምትባል ነገር የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ማንጎ በልቼ እጄ ተጨማልቆ ነበር። «እባካችሁ ልታጠብ» ብላቸው ሰሚ አላገኘሁም። ሌሊቱን ሁሉ ጣቶቼ ሲጣበቁብኝ አደሩ።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት ከሰዎቹ በፊት የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል። በየጥጋጥጉ ነጭ ዱቄት ቀርቷል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የአርባ ምንጭ ፀሐይ ከረፋድ ጀምሮ እላያችን ላይ ትወርዳለች። ሰዎቹ አፍንጫቸውን በጨርቅ ይዘው ተደርድረዋል። አንዱ ፈቀቅ አለና ቦታ ሰጠኝ።

«ና ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ግድግዳው ቀዝቀዝ ይላል።»

ከጋሞ ደጋ የመጣ ወንጌላዊ ነበር። ከምእመናኑ ጋር ሲዘምሩ ነው የያዟቸው።

«በምን መጣህ?» አለኝ።

«በኳስ።»

የበሽታ ስም የነገርኩት ይመስል በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «ይሄን ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የወለድኩት» ትል ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ ለመራመድ የሰው እግር መሻገር ያስፈልጋል፤ እኔ ግን እሻገራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሻገራለሁ። «ኧረ በናትህ ተቀመጥ፣ አዞርከን!» ይሉኛል። እቀመጣለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ እግሬ ራሱ ተነስቶ ይሄዳል።

ስለ ቡድናችን መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ የሆነው ነገር አይገባችሁም። ቡድኑ የአንድ እርሻ ድርጅት ነበር። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የሚበሉት በዘበኝነትና በዕቃ ግምጃ ቤት ስም ይሁን እንጂ ሥራቸው ኳስ ነበር። ከከተማችን ወጥቶ ከሌላ ክፍለ ሀገር ክለቦች ጋር የሚጫወት እሱ ብቻ ነው። ይጫወታል፤ ይሸነፋል። ይሄን አለባብሼ የምነግራችሁ ነገር የለም። በዝናብ ይሸነፋል፣ በፀሐይ ይሸነፋል፣ በሜዳው ይሸነፋል፣ ሰው አገር ሄዶ ይሸነፋል። አንድ ጊዜ ተጋጣሚያችን መኪና ተበላሽቶበት ስምንት ሰው ብቻ ይዞ ደረሰ። እሱም አሸነፈን።

እኛ ደጋፊዎቹ ሰባት ነበርን። በጫሞ ሐይቅ በኩል ካለው ጎል ጀርባ አንድ ማንጎ ዛፍ ነበረ፤ ቦታችን እሱ ሥር ነው። ታላቃችን የጫሞ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ከጫኖ ሙዝ ገበሬ ነበረን፣ ልብስ ሰፊ ነበረን፣ ሌሎቹም እንደዚሁ ሠርቶ አዳሪ ናቸው። ፖለቲካ ያወራን እንደሆነ ስለ ተከላካዮቻችን ነው፤ እነሱም መንግሥት አልነበራቸውም።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበረን። የጀመሩት ጋሼ ናቸው። በረኛችን፣ ጎማ ሲጠግን ያደገ ትልቅ ሰውዬ፣ አንድ ቀን በእግሮቹ መሀል ጎል ገባበት። ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ እየተሳደበ ሲወጣ እሱ ጎሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ አልነሳም አለ። ያን ጊዜ ጋሼ ተነሱና ማጨብጨብ ጀመሩ። እስኪነሳ አጨበጨቡለት። እኛም ተከተልን። ከዚያ ወዲህ በተሸነፍን ቁጥር፣ ማለት ሁልጊዜ፣ የመጨረሻው ተጫዋች ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እስኪገባ ቆመን እናጨበጭባለን። በረኛው ሁሌ መጨረሻ ይወጣል። ዛፋችን አጠገብ ሲደርስ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና ጎንበስ ይላል። ይኸው ነው። ለምን እንደምናደርገው ተነጋግረን አናውቅም።

የታሰርኩ ዕለት እኔ እንደ ልማዴ አላስችል ብሎኝ ከዛፉ ሥር ወጥቼ መስመሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ስለዚህ እኔን አዩኝ። የሌሎቹን ጭብጨባ ሰሙ እንጂ በሚወጣው ሕዝብ መሀል መልካቸውን አልለዩትም።

የመረመረኝ ካድሬ ከሌላ አገር የመጣ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወጣት ነበር። እሱ ራሱ መትቶኝ አያውቅም። ሌሎች ነበሩ።

«ቡድናችሁ ያሸንፋል?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን።

«አያሸንፍም፣ ጓድ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው መቼ ነው?»

አሰብኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አልመጣልኝም።

«እንግዲህ ጤነኛ ሰው» አለ፣ «በየእሁዱ፣ ለዓመታት፣ ለማያሸንፍ ቡድን ፀሐይ ላይ አይቀመጥም። ሲሸነፍ ደግሞ አያጨበጭብም። ይሄ ኳስ አይደለም። ይሄ የስውር ድርጅት ህዋስ ነው። ጭብጨባው ምልክት ነው። እነማን ናቸው?»

«ሕዝብ ነው ጓድ፤ አላውቃቸውም።»

ለምን እንደምናጨበጭብ ምን ልበለው? እኔም ራሴን ጠይቄ የማላውቀውን ነገር ነው የጠየቀኝ። እሱ ራሱ አንድ ቡድን ደግፎ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት በቀላሉ ይገባው ነበር። ውስጥ እግሬን ያን ሰሞን ብዙ አሠቃዩኝ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልልም። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከመራመድ አላረፍኩም፤ እያነከስኩ እራመድ ነበር።

ዝናቡ መጣ፣ ቡድኑም ውጭ ውጭ ሲጫወት ቆየ። አንድ ቅዳሜ ካድሬው አስጠራኝ።

«ነገ ሜዳችሁ ላይ ጨዋታ አለ። ከጦሩ ቡድን ጋር።»

ልቤ ዘለለ። አፈርኩ፤ ግን ዘለለ። የት እንዳለሁ ረስቼ «በረኛው ማን ነው?» ልለው ነበር።

«ከእኔ ጋር ትመጣለህ» አለኝ። «የክብር ቦታው ላይ እንቀመጣለን። እጅህን ጉልበትህ ላይ ታደርጋለህ። አትነሳም፣ አትጣራም፣ ለማንም ምልክት አትሰጥም። ቡድንህ ሲሸነፍ ሌላው ሰው ይወጣል፣ ያንተ ሰዎች ያጨበጭባሉ። እኔ አያቸዋለሁ፤ ሌላውን ለእኛ ተወው። አንተ ሰኞ ቤትህ ትገባለህ።»

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ለወንጌላዊው በጆሮው ነገርኩት። ዛፉ ሥር የሚቀመጡ ስድስት ሰዎች አሉ፣ ስድስት ቤት ማለት ነው፤ የእነሱም ጥፋት የእኔው ጥፋት ነው። የማስጠነቅቅበት መንገድ የለኝም። አንድ መውጫ ብቻ ታየኝ፤ ቡድናችን ካሸነፈ ሜዳው ሁሉ ያጨበጭባል፣ ማን ከማን ይለያል?

«ስለዚህ ማሸነፍ አለበት» አልኩት።

«ያሸንፋል?»

«አያሸንፍም።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሳቁ አፋችን ላይ ቀረ።

«እንግዲህ እጸልያለሁ» አለ።

«ለኳስ ይጸለያል እንዴ?»

«ለኳሱ አይደለም ወንድሜ፤ ለሰዎቹ ነው።» ከዚያ ጠጋ አለና «ስንት ጎል ይበቃል?» አለኝ።

እሁድ ከሰዓት በፊት ጢሜን ላጩኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ነጭ ሸሚዝ አለበሱኝ። ሸሚዙ ሰፋኝ። የማን እንደነበረ አልጠየቅኩም። በላንድሮቨር ወረድን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሁለቱ ሐይቆች ብቅ አሉ። ለብዙ ጊዜ ከግድግዳ ወዲያ ያላየ ዓይን ሩቅ ሲያይ ያማል። እንባዬን የጠራረግኩት በዚያ ሰው ሸሚዝ እጅጌ ነው።

ጥላ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ካድሬው በጎኔ፣ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ። ለስላሳ አስመጣና ፊቴ አቆመልኝ። ማዶ ማንጎው ሥር ስድስቱም ነበሩ። ጋሼ ያቺን የዘወትር ባርኔጣቸውን አድርገዋል። አዩኝ። ሲያዩኝ አየሁ። ማንም እጁን አላነሳም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። ንጹሕ ሸሚዝ፣ ጥላ፣ ቀዝቃዛ ለስላሳ፣ በጎኔ ባለሥልጣን። ተገዛ ይሉኛል አልኩ። ከምርመራው ሁሉ ይህቺ ባሰችብኝ።

ፊሽካው ተነፋ። የጦሩ ልጆች ጠንካሮች ነበሩ፤ እንደሚጥሉን ከመጀመሪያው ታወቀ። ግን ጎል አልገባም። ቆየና እኛ የማዕዘን ምት አገኘን። ኳሷ ተሻምታ መጣች፣ የእነሱን ተከላካይ ጀርባውን መታችው፣ ገባች። እግዜር ያሳያችሁ! ገባች! ሜዳው ተነቀለ። እጄ ከጉልበቴ መነሳቷን ያወቅኩት ከኋላዬ ያለው ሰው ትከሻዬን ሲጫነኝ ነው። ካድሬው ዞር ብሎ አየኝ።

አንድ ለባዶ ለእረፍት ወጡ። ኳስ ሳይ ፈርቼ አላውቅም ነበር። ሁሌ እንደምንሸነፍ ስለማውቅ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ያን ቀን ግን ፈራሁ። ተጫዋቾቹ የስድስት ሰው ነፍስ እግራቸው ላይ እንደተንጠለጠለ አያውቁም። አንዱ አማካያችን ውሃ ሲጠጣ ከጓደኛው ጋር ይሳሳቃል። ተነስቼ «አንተ ደደብ፣ የሳቅ ጊዜ ነው ይሄ!» ልለው ምንም አልቀረኝ።

«እግርህን አቁመው» አለኝ ካድሬው። ወንበሩን ሁሉ እያንቀጠቀጥኩት ኖሯል።

ከእረፍት መልስ አገቡብን። እኩል ቢወጡስ፣ ከጦሩ ቡድን ጋር እኩል መውጣት ቀላል ነው እንዴ፣ ለዚህም ሰው ያጨበጭባል፣ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘመም ማለት ጀመረች። የዳኛውን እጅ እያየሁ «ንፋ እንጂ፣ ንፋ፣ ምን ትጠብቃለህ» እላለሁ በሆዴ። ነፋ። ግን ለፔናሊቲ ነበር። ተከላካያችን ያንን አጥቂ ለምን እንደጠለፈው ዛሬም ላገኘው እፈልጋለሁ። በረኛው ወደ ትክክለኛው ጎን ወደቀ፤ ኳሷን በጣቶቹ ነካት። ነካት እኮ! እየተንከባለለች ገባች። ወዲያው ጨዋታው አለቀ።

ሕዝቡ እንደ ልማዱ እየተሳደበ መውጣት ጀመረ። ሙቀቱ እስኪበርድ እዚህም እዚያም ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ሰው ነበር። ካድሬው ወደፊት ተጠጋ።

«አሁን» አለ፣ ለራሱ።

ማንጎውን አየሁ። አልተነሱም። ስድስቱም እንደተደረደሩ ናቸው፤ አቀማመጣቸው ግን ያልተለመደ ሆነብኝ። እጃቸው የለም። ዓይኔን አጥብቤ ሳይ ሁሉም እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተዋል። የጫኖው ገበሬ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም እጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ መሀል ሆነው ሜዳውን አይደለም የሚያዩት፤ እኔን ነው።

ገብቷቸዋል! እንዴት እንደገባቸው አላውቅም፣ ግን ገብቷቸዋል። ደስታ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። ካድሬው እንዳያየኝ ለስላሳውን አንስቼ ጠጣሁ። ሞቆ ነበር።

ከዚያ በረኛው መጣ። እንደ ልማዱ መጨረሻ ላይ፣ ጓንቱን በእጁ ይዞ። ዛፋችን አጠገብ ሲደርስ እርምጃው ቀነሰ። ቀና ብሎ አያቸው። እነሱም አዩት። ምንም የለም። ቆመ። ያን ያህል ዘመን እየተሸነፈ ያለ ጭብጨባ ወጥቶ አያውቅም። ኳሷን በጣቱ የነካ ዕለት፣ ያን ዕለት፣ ዝም አልነው። ዓይኑ ሰዎቹ ላይ ይንከራተታል፤ ምን እንደበደለ እየፈለገ ነበር።

አላስቻለኝም። ሰኞን አስቤያታለሁ፤ ቤቴን አስቤያታለሁ፤ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ተነሳሁና አጨበጨብኩ።

አንድ ሰው ሲያጨበጭብ ድምፁ ቀጭን ናት። ጥላው ቆርቆሮ ስለነበር ትንሽ አጎላት።

«ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?» አለ ካድሬው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ።

«ለበረኛው።»

«ምን ብለህ?»

«ነክተሃት ነበር ብዬ።»

ከኋላ አንገቴን መቱኝ፤ ተቀመጥኩ። ተቀምጬም አጨበጨብኩ፣ ክንዴን እስኪይዙኝ ድረስ። በረኛው ወደ እኛ ዞረ። እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም፤ በማሊያው ፊቱን ጠረገና ሄደ።

በላንድሮቨሩ ዳገቱን ወጣን። ካድሬው ሳያየኝ «እውነት ለኳሱ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ።

«አዎ ጓድ።»

«ይሄ ደግሞ የባሰ ነው» አለ።

ሸሚዙን አስወልቀው ወሰዱት። ወንጌላዊው በሩ ሳይዘጋ ነው የጠየቀኝ።

«ስንት ለስንት?»

«ሁለት ለአንድ።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል ታዲያ!»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «ሰዎቹስ?»

«ማንም አልተያዘም።»

«እንግዲያው ተሰምቷል» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ሰኞ ቤቴ አልገባሁም። ሌላ ክረምት እዚያው አለፈብኝ። በረኛውንም ጠርተው ጠይቀውት ነበር አሉ፤ «ተሸንፌ ማን ያጨበጭብልኛል?» ብሏቸው ለቀቁት። ወንጌላዊውን አንድ ጠዋት «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አሉት። ዕቃ አልነበረውም። «ቦታዬን ያዝ፣ ቀዝቀዝ ይላል» ብሎኝ ወጣ። ወዴት እንደወሰዱት እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ደጋ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ።

እኔን ሲለቁኝ ምክንያቱን አልነገሩኝም፤ ሲያስሩኝም የነገሩኝ አልገባኝም ነበር። በማግስቱ ጫሞ ወረድኩ። ጋሼ ዳር ላይ ቁጭ ብለው መረብ ይጠግናሉ። «ሳሮ» አሉኝ፣ በጋሞኛ ሰላም ማለታቸው ነው። ትናንት የተለያየን ይመስል አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ያን ቀን እንዴት አወቃችሁ? እንዲያ አምሮብኝ፣ ለስላሳ ይዤ ስታዩኝ፣ ተፈታ ወይም ተገዛ አላላችሁም?»

ከመረቡ ቀና አሉ። ጥያቄው ገረማቸው።

«ልጄ፣ ነጻ ብትሆን እኛ ጋ ዛፉ ሥር ነበር የምትቀመጠው። እዚያ ተቀመጥክ። እስረኛ ነህ ማለት ነው።»

እንባዬ መጣ፤ እሳቸው ደግሞ እንዳላዩ ሆነው ክራቸውን ሳቡ።

«እጃችን ግን እምቢ አለን» አሉ። «ጨዋታው ሲያልቅ ብድግ፣ ብድግ ይላል። በኋላ እኔ ተቀመጡበት አልኳቸው።»

ጋሼ አርፈዋል። ከስድስቱ ያሉት ሁለት ናቸው። ያ ቡድን ፈርሷል፣ ማንጎውም ተቆርጦ ቦታው ላይ ሲሚንቶ ፈሷል። ከተማው ዛሬ ሌላ ቡድን አለው፤ እሱም ከማሸነፍ መሸነፍ ይቀናዋል፤ ከየት ለመደው አትበሉኝ። እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። ወጣቶቹ «አባባ፣ ለዚህ ቡድን ነው ፀሐይ የሚመታዎት?» ይሉኛል።

ጨዋታው ሲያልቅ ሰው ይወጣል፤ እኔ እቆያለሁ። መጀመሪያ እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ትንሽ እቀመጥባቸዋለሁ። ተጫዋቾቹ መውጣት ሲጀምሩ አወጣቸውና አጨበጭባለሁ።